በራችንን የሚያንኳኳ ዕጩ የለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዜግነት አግኝቼ የመራጭነት ቅጽ ስሞላ «ከፓርቲ ነጻ» የሚለውን መረጥኩ። ብዙ የአገሬ ልጆችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ፓርቲ ሲባል አባልነት፣ መዋጮና ስብሰባ ትዝ ይለናልና።

ፓርቲዎች ለዋናው ምርጫ የሚያቀርቧቸውን ዕጩዎች የሚለዩበት የሜሪላንድ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ግን ዝግ ነው። የዴሞክራት ዕጩዎችን የሚመርጠው በዴሞክራትነት የተመዘገበ ብቻ ነው፤ የሪፐብሊካንም እንደዚሁ። እኔ በምኖርበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ዴሞክራቶች እጅግ ስለሚበዙ አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው ገና በቅድመ ምርጫው ነው። ያኔ ለእኔ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የነበረው የትምህርት ቦርድ ውድድር ብቻ ነበር። ከልብ አዘንኩ።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቼ በፓርቲ ስለማይመዘገቡ የወደዱትን ቅድመ ምርጫ ይመርጣሉ። በኮሎራዶ ደግሞ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ባጸደቀው ሕግ ለነጻ መራጮች የሁለቱም ፓርቲዎች ወረቀት በፖስታ ይላካል፤ አንዱን ብቻ ሞልተው ይመልሳሉ። እዚያ ቅድመ ምርጫውን ማሸነፍ የሚፈልግ ዕጩ ነጻውንም መራጭ ማሳመን አለበት። እኛ ዘንድ ግን ስማችን በዘመቻ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ፓርቲዎቹ «ዕጩአችንን ራሳችን እንምረጥ» ማለታቸው ይገባኛል። ነገር ግን የቅድመ ምርጫው ወጪ የሚሸፈነው እኛም ከምንከፍለው ግብር ነው።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ አንድ ነገር በአማርኛ ደጋግማችሁ አሳውቁልን፦ በፓርቲ ስም መመዝገብ መዋጮ አያስከፍልም፤ በምርጫው ዕለት ግን ፓርቲ መቀየር አይቻልም።

አክባሪዎ፣
የሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢ