አሸዋው ሳይገለበጥ ብንለካው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዳማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን በክፍል ውስጥ የገጠመኝ ጉዳይ ሳይሆን፣ በቅርቡ በጎረቤቴ አጥር ሥር የተገለበጠ አንድ ቢያጆ አሸዋ ነው።

ጎረቤቴ ቤታቸውን ለማስፋት 16 ሜትር ኩብ ተብሎ የተሸጠላቸውን አሸዋ ካስገለበጡ በኋላ ክምሩ ዓይናቸውን ስላልሞላው፣ «መምህር፣ ነገሩ የእርስዎ ነውና እስቲ ይዩልኝ» ብለው ጠሩኝ። የክምሩን ዙሪያ በሲባጎ ስለካው 17 ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ 1.7 ሜትር ሆነ። ዙሪያው ለ6.28 ሲካፈል 2.7 ሜትር ሬዲየስ፣ ማለትም ከመሀል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት፣ ይገኛል፤ ሬዲየሱ በራሱ፣ ቀጥሎም በ3.14 እና በከፍታው ተባዝቶ ውጤቱ ለሦስት ሲካፈል 13 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። ይህ ከተከፈለበት በሦስት ሜትር ኩብ ያንሳል።

ነጋዴውን ወዲያው አታላይ ማለት ግን ፍትሐዊ አልመሰለኝም። ከገልባጭ መኪና የወረደ ክምር ወደ አንድ ወገን ይዘረጋል እንጂ የተስተካከለ ሾጣጣ አይሆንም። በተጨማሪም በመጠኑ የረጠበ አሸዋ ቅንጣቶቹ በውኃው ምክንያት ስለሚራራቁ ከደረቁ ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ በመንገድ ላይ በሚደርስበት መንገጫገጭም መልሶ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ አሸዋው መሬት ከነካ በኋላ የሚነሣ ክርክር ፍጻሜ የለውም፤ መለካት ያለበት መኪናው ላይ እንዳለ ነው። ያ መኪና የጭነት ክፍሉ ውስጡ 5.4 ሜትር ርዝመት፣ 2.3 ሜትር ወርድና 1.3 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ሦስቱ ሲባዙ 16.1 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። አሸዋው ከስፖንዳው አፍ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ከተጫነ ግን 3.1 ሜትር ኩብ ይጎድላል፤ ይህንንም ከታች ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ገዢ ሊያውቀው አይችልም።

ከአሸዋው ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። የጎረቤቴ ልጅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የሾጣጣ ይዘት እንዴት እንደሚገኝ ስጠይቃት «አንድ ሦስተኛ ፓይ አር ስኩዌር ኤች» ብላ ሳትደናቀፍ መለሰችልኝ። ይሁን እንጂ ከፊቷ የተቆለለው አሸዋ ያው ሾጣጣ መሆኑ፣ «አር» የምትለውም በሲባጎ ሊገኝ የሚችል ርቀት መሆኑ በሐሳቧ አልመጣም ነበር። ጥፋቱ የእኛ የመምህራን ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ «ኮን» እና «ቮልዩም» በደብተሯ ውስጥ ይቀራሉ፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምታየው ክምርና የጎጆ ክዳን ነው፤ ሁለቱን ያገናኘንላት ግን የለንም።

አንድ ሦስተኛው ራሱ ከየት እንደ መጣ ብንነግራቸው እንኳ ብዙ ነገር ይቃና ነበር። አንድ የጎማ ኳስ ለሁለት ይቆረጥ፤ አፉ ከግማሽ ኳሱ አፍ ጋር እኩል የሆነ፣ ቁመቱም ከኳሱ ሬዲየስ ጋር የሚተካከል አንድ ጣሳና አንድ ሾጣጣ ከካርቶን ይሠራ። ሾጣጣው በጤፍ እየተሞላ ሲገለበጥ ግማሽ ኳሱ በሁለት፣ ጣሳው በሦስት ይሞላል። የሉል፣ ማለትም የኳስ፣ ይዘት በዙሪያው ልክ ከተሠራለት ሲሊንደር፣ ማለትም ጣሳ፣ ሁለት ሦስተኛ ነው የምንለው ይኸው ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜድስ ይህን ግኝቱን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ ሉልና ሲሊንደር በመቃብሩ ላይ እንዲቀረጹለት ፈልጎ ነበር፤ ሮማዊው የመንግሥት ሰው ሲሴሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ75 በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው በሲራክዩስ ከተማ በቁጥቋጦ ተውጦ የነበረውን መቃብር የለየው በዚሁ ምልክት ነው። ይህን ታሪክ የሰማ ተማሪ ቀመሩን እንደ ስልክ ቁጥር አይሸመድደውም የሚል እምነት አለኝ።

በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ስፋቱ፣ ማለትም ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.8 ሜትር የሆነ ሮቶ 2,035 ሊትር ያህል ይይዛል። ተማሪዎቼ ግን በተደጋጋሚ ዲያሜትሩን በሬዲየሱ ቦታ እያስገቡ አራት እጥፍ፣ ማለትም ከ8,000 ሊትር በላይ ያገኛሉ፤ ቁጥሩም ምንም አያስደነግጣቸውም፣ ምክንያቱም አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ወይም ሃምሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ቀጥ ያለ እንጨት ወደ ሮቶው አስገብቶ የረጠበውን ለሚለካ ሰው፣ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር 113 ሊትር፣ ማለትም ከአምስት ጀሪካን ተኩል በላይ ውኃ እንደ ሆነ ማወቅ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ለመቆጠብ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ቢያጆ በመጣ ጊዜ ልጅቷ ሾፌሩን አስፈቅዳ፣ ሜትር ይዛ ወጣች። የአሸዋውን ጥልቀት በአራቱ ማዕዘንና በመሀል ለክታ አማካዩን 1.25 ሜትር፣ ይዘቱንም 15.5 ሜትር ኩብ አገኘች። ሾፌሩ ከነጋዴው ጋር በስልክ ከተነጋገረ በኋላ ክፍያው ያለ ጭቅጭቅ በዚያው ልክ ተፈጸመ።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችንና የሥራ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የይዘት ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር የሆኑ አሥራ ሁለት እንጨቶችን አስረው አንድ ሜትር ኩብ ይሥሩ፤ ምዕራፉ እስኪያልቅም ከክፍሉ ጥግ አይነሣ። እኔ የሠራሁት አንድ አለኝ፤ በከተማችን ለሚፈልገው ማንኛውም ትምህርት ቤት ይዤው ለመሄድ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከአዳማ