ለታሪክ ንባብ ቡድናችን አባላት፦ ወደ ኢም መንደር ስለሚደረገው ጉዞ

የተከበራችሁ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ በደርቢሸር ወደምትገኘው ኢም መንደር ተጉዘን የአካባቢውን ታሪክ ከደብሩ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ጋር እያገናዘብን ስለምንመለከት፣ መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ረቡዕ ማታ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። በእንግሊዝ ሰዓት ጠዋት 9፡00 በሼፊልድ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ተገናኝተን በአባላት መኪኖች እንሄዳለን፤ ትርፍ መቀመጫ ያላችሁ ብዛቱን ጻፉልን።

መንደሯ የተመረጠችው በ1665 ወረርሽኝ በገባባት ጊዜ፣ ነዋሪዎቿ በቄስ ዊልያም ሞምፔሰንና ከእርሳቸው አስቀድመው ያገለግሉ በነበሩት በቶማስ ስታንሊ ምክር፣ በሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት ከመንደራቸው ላለመውጣት ስለተስማሙ ነው። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ በኦገስት 1666 በስምንት ቀናት ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ቀብራለች። መቃብራቸው ከመንደሩ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ስለሆነ ለእግር መንገድ የሚሆን ጫማ አድርጉ።

የዘር ሐረግ ለምትከታተሉ አባላት፣ የመንግሥት ምዝገባ በእንግሊዝ የጀመረው በ1837 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ላለው ዘመን ዋናው ምንጭ ከ1538 ጀምሮ እንዲያዝ የታዘዘው የደብር መዝገብ ነው። እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ስለነበር፣ በፌብሩዋሪ 1665 የተጻፈ ቀብር በዛሬው ቆጠራ የ1666 ነው፤ በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ አያስቸግርም።

የአውራጃው መዛግብት ቤት ያለው በማትሎክ ነው። እዚያ በሌላ ቀን እንሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን ከመልሳችሁ ጋር አብራችሁ ግለጹልን። የምንሄድ ከሆነ እስክሪብቶ ስለማይፈቀድ እርሳስ መያዝ ያስፈልጋል።