ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤ ስለ ታይሰን ጉዳይ

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ከናፍቆት በቀር» ብዬ እንዳልቀጥል፣ ይህን ያህል ተዘጋግተን ስለ ናፍቆት ማውራት ያሳፍራል። እህትህ ናት ደውላ የነገረችኝ። ውሻህ ታይሰን ልብስ አጣቢዋን ነከሳት፤ አንተም ወይ ልታስገድለው ወይ ለሆነ መጋዘን ልትሰጠው ነው አለች። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ምን እንደምሠራ ሳትሰማ አትቀርም። ሰዎች ሥራ ሲውሉ ውሾቻቸውን የሚያቆዩበት ቤት ነው የምሠራው። ለእማማ አትንገር፤ «ባሕር ተሻግሮ የውሻ ሞግዚት ሆነ» ብለው ጎረቤት እንዳይሰበስቡብኝ።

በቅድሚያ ሴትየዋ። ቁስሏ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቧል? ካልታጠበ አሁንም ይታጠብ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትስ ጀመረች? «የኔ ውሻ ተከትቧል» ብለህ አታዘናጋት፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ውሻውንም አሁን እንዳታስገድለው። ለ10 ቀን ተለይቶ መታየት አለበት። ወጪዋን መቻልህን እንኳ ላንተ መንገር የለብኝም።

አሁን ወደ ታይሰን። ሁለት ዓመት እስኪጠጋው በግ ነበር፣ ድንገት ተቀየረ ብለህ ለእህትህ ነግረሃታል። ትልልቅ ውሾች የሚበስሉት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ቡችላ ሳለ ከሰው ሸሽቶ ጥግ ይይዝ የነበረው፣ ጉልበት ሲያወጣ መጋፈጥ ይጀምራል። ደግሞ ሕመምም ይኖራል። እንደ ታይሰን ያለ ጀርመን ሼፐርድ በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የታወቀ ነው። ሲነሳ ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው? ደረጃ መውጣት አስጠልቶታል? ከሆነ ከአሠልጣኝ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

ዋናው ግን ሰንሰለቱ ይመስለኛል። ያን ግቢ አውቀዋለሁ። ውሻው የሚታሰረው በሩ ጋ ነው፤ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሚያየው እግር ብቻ ነው። እግር ይመጣል፣ ይጮኻል፣ እግሩ ይሄዳል። ሰውየው መንገደኛ ስለሆነ ነው የሄደው፤ ታይሰን ግን ጮኾ ያባረረው ነው የሚመስለው። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ይለማመዳል። ፈርቶ መሸሽ ቢፈልግ ደግሞ ሰንሰለቱ ይይዘዋል። መሸሻ ያጣ ፈሪ ምን ቀረው? ጥርሱ።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። እዚሁ ዴንቨር በ1991 እ.ኤ.አ. ሰው የነከሱ ውሾች ነክሰው ከማያውቁ የሰፈር ውሾች ጋር ተነጻጽረው ነበር። የነከሱት ውስጥ ወንዶች፣ ያልተኮላሹና ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ በዝተው ተገኙ። ጀርመን ሼፐርድም በዝቶ ስለተገኘ ዝርያ ምንም አይደለም ብዬ አልዋሽህም። ግን ዝርያ ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ ከተማዋም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒት ቡል የሚባለውን የውሻ ዝርያ ጨርሳ ከልክላ ኖራ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ በፈቃድ እንዲያዝ አደረገ። ማኮላሸትም ቢሆን ፈሪ ውሻን ብቻውን አያረጋጋም።

ታይሰን ባጉረመረመ ቁጥር ዘበኛው በዱላ ይለዋል አሉ። በጌታ፣ ይህን አስቁም! እኛ ጋ አንድ ማስቲፍ የሚባል ግዙፍ ውሻ አለ። ምግብ ላይ ሳለ ሰው ሲጠጋው መጀመሪያ ማኘኩን ያቆማል። እንዳቀረቀረ ዓይኑ ብቻ ወደ ጎን ይዞርና ነጩ ይታያል። ጅራቱ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ድምፅ ገና አላወጣም፣ ግን ተናግሮ ጨርሷል። ያኔ ካልተመለስክለት ያጉረመርማል፤ ያም ማስጠንቀቂያ ነው። ውሻ ሲያጉረመርም ከተመታ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን የትም አይሄድም። በሚቀጥለው ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል።

ከበሩ አርቀው። ከቤቱ ጀርባ መንገደኛ በማያይበት ቦታ ሽቦ አጥር ሥራለትና ያለ ሰንሰለት ይዋል። ልጆቹ ያለ አዋቂ አጠገቡ አይድረሱ፤ በዚህ ድርድር የለም። ሙዝል፣ ማለት እንዳይነክስ አፉ ላይ የሚጠለቅ ነገር፣ ግዛለት፤ አፍ ጥርቅም የሚያደርገውን ሳይሆን እንደ ቅርጫት ያለውን፣ ማለክለክና ውሃ መጠጣት የሚያስችለውን። በግድ አታጥልቅለት። መጀመሪያ ሥጋ እየከተትክበት ራሱ አፉን ያስገባ።

ከዚያ የተቀቀለ ሳንባ በትንንሹ ቆራርጥ። በማሰሪያ ያዘውና አንድ የምታምነው ሰው በሩቅ ይታይ፤ ታይሰን አይቶት ገና ባልጮኸበት ርቀት። ሰውየው ሲታይ ሳንባ፣ ሲሰወር ምንም። ርቀቱን በየቀኑ ለመቀነስ አትቸኩል። ከጮኸ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ራቁ። ወራት ይፈጃል፤ የሚያሰለች ሥራ ነው፣ እውነቱን ልንገርህ።

ለመጋዘን መስጠቱን ግን እርሳው። እዚያም ይታሰራል፤ መንከሱን ደብቀህ ከሰጠኸው ደግሞ ቀጣዩ የሚነከሰው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚያሰጋ ከሆነ በሐኪም መርፌ ይረፍ፤ ያኔ አልከራከርህም። መርዝ ግን አይሆንም።

ሰው በበሩ ሲያልፍ የሚያደርገውን ቀርጸህ በቴሌግራም ላክልኝ። ከሩቅ ሆነህ፣ ጆሮውና ጅራቱ እንዲታይ አድርገህ ቅረጸው። እሑድ ባንተ ጠዋት እደውላለሁ፤ እንዳታጠፋው ስልኩን። እማማን ሳምልኝ።