ያልሰጠሁት ድጋፍ ይሰረዝልኝ፦ ለከተማችን ከንቲባ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

ለጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ፣ ሁለት ጊዜ በቀጠሮ መጥቼ ከደጅ ተመልሼ፣ እስከ ዛሬ አንድ መስመር መልስ ስላላገኘሁ አቤቱታዬን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በሰፈራችን ጥግ ሊተከል ስለታሰበው የኬሚካል ፋብሪካ ነዋሪው እንዲወያይ በተጠራው ስብሰባ ላይ፣ ከአዳራሹ በር ስማችንን ጽፈን እንድንፈርም ተጠየቅን፤ በወረቀቱ አናት ላይ የሰፈረው «የተሰብሳቢዎች መቆጣጠሪያ» የሚል ብቻ ነበር። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ሰነድ አስቀድሞ ለማናችንም አልተሰጠም። ፍሳሹ ወዴት እንደሚለቀቅና በምን እንደሚጣራ ስጠይቅ፣ ሰብሳቢው «በባለሙያ ይታያል» ብለው አለፉኝ። ከሳምንታት በኋላ ያው ወረቀት «ፕሮጀክቱን የደገፉ ነዋሪዎች» የሚል ርእስ ተሰጥቶት ከፈቃድ ጥያቄው ጋር ተያይዞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አገኘሁት። ስሜ በ7ኛው ተራ ቁጥር ላይ ነው።

እኔ ጠየቅሁ እንጂ አልደገፍሁም፤ አልተቃወምሁምም። ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ አለኝና የሥራ ነገር እኔንም ይጨንቀኛል። ዛሬ ግን ፋብሪካውን የሚሹት ጎረቤቶቼ በጥያቄዬ የተነሣ የልጆቻቸው ጠላት አድርገው ያዩኛል፤ የሚቃወሙት ደግሞ ዝርዝሩን አይተው «ፈርሞ ሸጠን» ይላሉ። ይህን ጠብ ያባባሰው ሁለቱንም ወገን እኩል ሊሰማ የሚገባው መሥሪያ ቤት ነው።

በጃፓኗ ሚናማታ የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ቺሶ የተባለው ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር፤ ያስከተለው በሽታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 በይፋ ታወቀ። በ1959 ዓሣ አጥማጆች ፍሳሹ እንዲቆም ሲጮኹ፣ የከተማዋ ኑሮ በፋብሪካው ላይ የቆመ ነበርና ከንቲባው ከሌሎች የከተማዋ ተወካዮች ጋር ሄደው እንዳይቆም የክፍለ ግዛቱን አስተዳዳሪ ተማጸኑ። ታማሚዎቹን ጎረቤቶቻቸው አገለሏቸው፤ ያ ፍሳሽም እስከ 1968 ድረስ ቀጠለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 መንግሥትንና የኩማሞቶን ክፍለ ግዛት ጉዳቱ እንዳይስፋፋ ባለመከላከላቸው ተጠያቂ አድርጓል። የእኛም ፋብሪካ እንዲሁ ይሆናል አላልሁም፤ ይሁን አይሁን የምናውቅበትን ሰነድ ግን እናንተ ይዛችሁታል።

እንዲህ ያለ መረጃ ለነዋሪው ክፍት እንዲሆንና ነዋሪውም በውሳኔው እንዲሳተፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢና የልማት መግለጫ (የሪዮ መግለጫ) 10ኛው መርሕ መደንገጉን ጽሕፈት ቤትዎ ያውቃል፤ የተሰብሳቢ ፊርማ የድጋፍ ፊርማ አለመሆኑንም እንዲሁ። ስለዚህ ዝርዝሩ ከማመልከቻው ላይ ይነሣ፣ መነሣቱም ስማችን በተነበበበት ሰሌዳ ላይ በጽሑፍ ይለጠፍ። ሰነዱ ለሁላችንም ተሰጥቶ፣ ለማንበብ በቂ ጊዜ አግኝተን እንደገና እንጠራ። ያን ጊዜ እመጣለሁ፤ ሰነዱን ሳላነብ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልፈርምም።

በዝርዝሩ 7ኛ ተራ ቁጥር ላይ የተጻፍሁት ነዋሪ