ሊብሬው ላይ እውነቱ ይጻፍልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በየሰፈሩ ጋራዥ በእጃቸው መኪና ስለሚሠሩ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብኩ። ልጆቹ ይበረታቱ ብላችኋል፤ እሰየው። ግን አንድ ነገር ሳይነሳ ቀርቷል። ተሠርታ ያለቀች መኪና ምን ተብላ ተመዝግባ ነው አስፋልት የምትወጣው? ሠሪው ልሽጣት ቢልስ ምን ብሎ ይሽጣት? ይሄ ለኔ የቡና ላይ ወሬ አይደለም። ይህን ስጽፍላችሁ ግቢዬ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና አለችኝ። ገዢ አግኝቼላት ነበር። በዋጋ ተስማምተን ቀብድ ሁሉ ተቀብያለሁ። ግን መሸጥ አልቻልኩም።

የባትላሜራ ባለሙያ ነኝ። አለም ገና፣ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የራሴ ጋራዥ አለኝ። የተጋጨውን እናቃናለን፣ የዛገውን ቆርጠን እንበይዳለን፣ ስቱኮ አድርገን ቀለም እንቀባለን። በዚህ ሥራ 30 ዓመት አልፎኛል። ሙያውን ባስተማሩኝ ሰውዬ ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። ካላንደሩ ላይ ጣራ የሌላት፣ ዝቅ ያለች፣ ክብ ክብ የምትል ነጭ መኪና ነበረች። ፖርሽ 356 ስፒድስተር እንደምትባል ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ግን ምሳዬን ስበላ እሷን እያየሁ ነበር።

ከ6 ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ የቆመች ቮልስ ሸጠልኝ። ባህር ዛፍ ወድቆባት ጣራዋ ተደርምሷል። በሮቿ አይከፈቱም። ኮፈኗ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ወለሏ ግን ደህና ነበር። ሞተሯም ሁለት ቀን ከተነካካ በኋላ ተነሳ። 1300 ሲሲ ነች፣ የ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል። ያን አካል አቃናለሁ ብል ከአዲስ ሥራ አይተናነስም። ያኔ ነው ካላንደሯ ትዝ ያለችኝ። በዚህ የቮልስ ወለል ላይ ያቺን ነጭ መኪና የምትመስል ልሥራ አልኩ።

ይሄ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የቮልስን ንድፍ ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1948 የቤተሰቡን ስም የያዘችውን የመጀመሪያዋን መኪና 356ን ሲሠራ ብዙውን ዕቃ የወሰደው ከቮልስ ነው። ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው፣ ሁለቱም የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። ስፒድስተር የመጣችው በ1954 ነው፤ ማክስ ሆፍማን የሚባል አሜሪካ ያለ አስመጪ ከ3,000 ዶላር በታች የምትሸጥ ቀለል ያለች መኪና ሥሩልኝ ብሎ። ዛሬ ዋናዋ በመቶ ሺዎች ዶላር ነው የምትሸጠው። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ ባለሙያዎች የቮልስ ወለል ላይ የሷን አምሳያ ሲሠሩ ኖረዋል። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ አካሉን ከፋይበር ግላስ ያወጣሉ። እኔ የማውቀው ላሜራና መዶሻ ስለሆነ በላሜራ ሠራኋት።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ፤ የኋላው ችግር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቮልስ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2 ሜትር ከ40 ናት። 356 ደግሞ 2 ሜትር ከ10። ስለዚህ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ መውጣት አለበት። የቮልስ ወለል ሌላ ሻንሲ የለውም፤ እሱ ራሱ ሻንሲ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ዋሻ የመሰለ ቱቦ ጀርባ አጥንቱ ነው። እሱን ስትቆርጥ በውስጡ የሚያልፈው ሁሉ አብሮ ያጥራል። የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑ ካቦ፣ የእጅ ፍሬኑ ካቦ። በጎኑ የሚያልፈው የፍሬኑ ቱቦም እንዲሁ። አንዱን በግምት ከሠራህ ወይ ማርሽ አይገባም ወይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይከዳሃል። እኔ ካቦዎቹን ሦስት ጊዜ አስለክቼ ነው ያሠራሁት። ብየዳውን ከውስጥም ከውጭም ነው ያስኬድኩት፤ በላዩም ደጋፊ ብረት አስሬበታለሁ።

የሻንሲው ቁጥር ያለው ከኋላ ወንበር ስር፣ ቱቦው ላይ ተመትቶ ነው። እኔ የሠራኋት ግን የኋላ ወንበር የላትም፤ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ስለዚህ ምንጣፉ ስር በአራት ቡሎን የምትከፈት ትንሽ ክዳን ሠራሁላት። ክዳኗን ስትፈታ ቁጥሩ እንደ ተመታ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አንዲት አሃዝ አልነካሁም። ይህን ያደረግኩት አንድ ቀን መርማሪ ጎንበስ ብሎ እንደሚያነበው ስለማውቅ ነው።

ጥፋቴንም አልደብቅም። ከመቁረጤ በፊት ሄጄ ፈቃድ አልጠየቅኩም። ሞተር ሲቀየር፣ ቀለም ሲቀየር ሊብሬ ላይ መመዝገብ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ለደንበኞቼ ሁሌም የምነግራቸው ነው። አካል ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ግን ሠርቼ ጨርሼ አስመዘግባለሁ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ገዢው ለገጣፎ አካባቢ የሰርግ መኪና የሚያከራይ ሰው ነው። መጥቶ ሲያያት ለብዙ ደቂቃ አልተናገረም። እየዞረ ይዳብሳታል። ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ይቺ ፖርሽ አይደለችም፣ ወለሏና ሞተሯ የቮልስ ነው፣ አካሏ የኔ እጅ ሥራ ነው አልኩት። ውሉም ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው እሷን ነው» አለኝ። በሰነዶች ማረጋገጫ ውል ከማሰራችን በፊት የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላት ብዬ ይዣት ሄድኩ።

መርማሪው ወጣት ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። ክዳኗን ፈትቼለት ቁጥሩን በባትሪ አነበበ። ከሊብሬው ጋር አመሳከረው፣ ልክ ነው። የሞተሩም ቁጥር ልክ ነው። ከዚያ ቀና አለና ሊብሬውን እንደገና አየው። የ4 ሰው አውቶሞቢል ይላል። ፊቱ የቆመችው ጣራ የሌላት የ2 ሰው መኪና ናት። «አባቴ፣ እኔ እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ያ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። ወደ አለቃው ሄድን። አለቃው ወደ ሌላ ክፍል ላኩኝ። አንዱ የቀለም ለውጥ ብለን እንመዝግብልህ አለ። አንዷ ወደ ድሮው አካሏ መልሰህ አምጣት አለችኝ። የድሮው አካሏ በባህር ዛፍ ተደፍጥጦ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ከተሸጠ ቆይቷል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ያሉበት ቅጽ ነው ጠባብ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ቮልስ ብሎ ይዟል።

የኔን ልብ የሰበረው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ምክር ነው። አንድ ደላላ «ሌላ ደህና ቮልስ ተከራይ፣ እሷን አስመርምር፣ ቦሎ አውጣ፣ ስም አዛውር፣ ከዚያ ያንተን አስረክብ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «የፖርሽ ማርክ አስለጥፍባት፣ ኦሪጅናል ናት በል፣ እጥፍ ነው የምትሸጠው» አለኝ። ሁለቱም ይቀልዱ አልነበረም። መንገዱ እንዲህ እንደሆነ ነው የነገሩኝ። ቀብዱን መልሼ መኪናዋን ሸራ አለበስኳት።

ፎርጅድና አምሳያ አንድ አይደሉም። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ስፒድስተሯ አፍንጫ ላይ የኩባንያው ማርክ የለም። ቦታው ልሙጥ ነው፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ያ ማርክ የሌላ ሰው ንብረት ነው። መኪናዋን ፎርጅድ የሚያደርጋት ቅርጿ አይደለም፤ ሻጩ በአፉና በወረቀቱ የሚዋሸው ውሸት ነው። እኔ እውነቱን ለመናገር ስሄድ እውነቱ የሚጻፍበት ቦታ ጠፋ። ሊዋሽ የተዘጋጀው ሰው ግን መንገዱ ክፍት ነው።

ይሄ የአንድ መኪና ጉዳይ ቢሆን ጋዜጣችሁን አላጨናንቅም ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ይጠገናል፣ ይቆረጣል፣ ይቀየራል። ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከገላን እስከ ሰንዳፋ ያሉ ጋራዦች ውስጥ ግቡና እዩ። ጣራው የተነሳለት፣ ፒካፕ የሆነ፣ ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ሞልቷል። ስንቱ ሊብሬው ላይ ያለውን እንደሚመስል እኔ በሙያዬ የማየው ነው። ተሽከርካሪን ስለ መለየት፣ ስለ መመርመርና ስለ መመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪናውና መዝገቡ እንዲገናኙ ነው የወጣው። እኛ ጋ ግን ሁለቱ ተለያይተው እየሄዱ ነው።

ኢንሹራንሱንም አስቡት። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ አዋጅ 799/2005 ይለዋል። መድን የተገባላት የ4 ሰው ቮልስ ናት። መንገድ ላይ ያለችው ሌላ መኪና ናት። እግዜር አያምጣው፣ አንድ ቀን አደጋ ቢደርስ የተጎዳው ሰው ቤተሰብ በወረቀት ክርክር ሊንገላታ ነው?

በሌላው አገር ይሄን ነገር በሕግ መስመር አስይዘውታል። እንግሊዞች በእጅ የተሠራን መኪና አንድ በአንድ መርምረው ነው የሚያሳልፉት። መነሻው ለማይታወቅ መኪና በ«ኪው» ፊደል የሚጀምር ታርጋ ይሰጡታል፤ ያን ታርጋ ያየ ገዢ ሳይነገረው ይጠነቀቃል። አሜሪካኖች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ አንድ አነስተኛ አምራች በዓመት እስከ 325 አምሳያ መኪና እንዲሠራ ፈቅደዋል፤ የሚመሰለው መኪና ቢያንስ 25 ዓመት ያለፈው መሆን አለበት ብለው። እኛ የነሱን እንገልብጥ አልልም። የኛ ጋራዥ ሌላ ነው፣ የኛ አቅም ሌላ ነው። ግን ይቻላል።

እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሊብሬው ላይ አንዲት መስመር ነው። ለኔ መኪና ቢሆን እንዲህ ቢጻፍ ይበቃኛል፦ ሻንሲ ቮልስዋገን፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያጠረ፤ አካል በአገር ውስጥ በእጅ የተሠራ፣ የፖርሽ 356 አምሳያ፤ 2 ሰው። ይህን ያነበበ ገዢ አይታለልም። ደላላ ማርክ ቢለጥፍባትም ወረቀቱ ያጋልጠዋል። ትራፊክ ፖሊስም ሲያስቆም የሚያነበውና የሚያየው አንድ ይሆንለታል።

ሁለተኛው የምርመራው ጊዜ ነው፤ ይሄን ከሙያዬ ተነስቼ ነው የምናገረው። ቀለም የተቀባ መኪና አምጥቶ ብየዳዬን መርምሩልኝ ማለት ከንቱ ነው። ስቱኮና ቀለም የማይሸፍነው ጉድ የለም። እኔ ራሴ ስንት መኪና ከቀለሙ ስር በነጥብ ብየዳ ተንጠልጥሎ አግኝቻለሁ። ሻንሲ የሚቆረጥ ከሆነ ባለሙያው ሥራው እየተሠራ፣ ብረቱ ራቁቱን ሳለ ይምጣና ይየው። ብየዳውን ይምታው፣ ፍሬኑን ይፈትሸው፣ የነዳጅ ሰልባትዮው በደንብ መታሰሩን ይይ። ካልተዋጠለት ይጣለው። የማይረባ ሥራ ይለፍልን የሚል ባትላሜራ ሠሪ ካለ እሱ ከኛ ወገን አይደለም። የምርመራውን ወጪ እኛ እንክፈል። ለኔ ለምሳሌ ብየዳዬ በሕግ ፊት ታይቶ ማህተም ቢያርፍበት ኩራት ነው።

የኔዋ መኪና አሁን ቀለም ለብሳለች። ቢሆንም ወለሏ ላይ ያለውን ቀለም በብየዳው መስመር ልክ ልፍቅላቸው ዝግጁ ነኝ። ይምጡና ይዩት።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፤ እጁ ወርቅ ነው። የመኪናዋን የኋላ ክንፎች በመዶሻ ያወጣቸው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሌላ የተጎዳች ቮልስ በርካሽ ተገኘችና በር ላይ ጎትተን አቆምናት። ልጁ መጋዙን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እንጀምር?» አለኝ። ቆይ አልኩት። ዘንድሮ ሳልጠይቅ አልቆርጥም። ሻንሲ ለማሳጠርና አካል ለመቀየር አስቀድሞ ማመልከቻ የሚቀበለው የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ የሚመለከታቸው የሥራ ኃላፊ በዚሁ ዓምድ ቢመልሱልኝ፣ በማግስቱ ጠዋት ሊብሬዬን ይዤ እዚያ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባትላሜራ ባለሙያ፣ ከአለም ገና