የዓረቦኑ ተመላሽ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናቴም ተሽሏት በየእሑዱ ጊዮርጊስ በእግሯ ትሄዳለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼህ አይደለም። ለባጃጇ ካበደርከኝ የቀረችው 5,000 ብር አሳፍራኝ ነው። ባለፈው ጥር ባጃጇን ስሸጥ ልከፍልህ ነበር፤ ገንዘቡ ግን እንዳለ ለእናቴ ሕክምና ሄደ።

ሰሞኑን እህትህን ገበያ አግኝቻት ሚኒባስህን ልትሸጠው መሆኑን ነገረችኝ። እንደኔ እንዳትጎዳ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ባጃጇን ስሸጥ የሙሉ ሽፋን መድኗ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ሐኪም ቤት ስመላለስ ውሉ ይቋረጥልኝ ብዬ ያመለከትኩት ከወር በኋላ ነው። የዓመቱ ዓረቦን፣ ማለት ለመድኑ የከፈልኩት፣ 9,600 ብር ነበር፤ ስምንት ወር ስለቀረው 6,400 ይመለስልኛል ብዬ ሄድኩ። የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ የውሉን ጀርባ ገልብጣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ ሠንጠረዥ አሳየችኝ። ለካ ደንበኛው ራሱ ሲያቋርጥ ሒሳቡ በቀረው ጊዜ ልክ አይደለም! ሦስት ወር ከሠራ 40 በመቶ ያስቀራሉ፣ አራት ከሠራ ግማሹን። የሚቆጠረውም ማመልከቻው እስከገባበት ቀን ነው። 4,800 ተመለሰልኝ፤ በአንድ ወር መዘግየት 960 ብር ቀረብኝ። ለቴምብርና ለአገልግሎት የከፈልኩትም አልተመለሰም። ቴምብሩስ ይሁን፣ ለመንግሥት ገቢ ሆኗል። የአገልግሎቱ ግን እስካሁን ይቆጨኛል፤ ስፈርም ማንም አልነገረኝም።

አደራህን፣ በሸጥክበት ቀን ማመልከቻህን አስገባ፤ ቅጂው ላይም ማኅተም አስመታ። ደረሰኙን ዘርግተህ ዓረቦኑ ስንት፣ ቴምብሩ ስንት፣ የትኛው ተመላሽ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። በዓመቱ ውስጥ ካሳ ወስደህ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አታድርግ። የሦስተኛ ወገኑ መድን፣ መኪናህ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ መኪናው በስምህ መንገድ ላይ እስካለ እንዳታቋርጠው።

ተመላሹ ላይ 200 ጨምሬ 5,000ውን ዛሬ ጠዋት ለእህትህ ሰጥቻታለሁ። ከዚያ ጣና ዳር ወርጄ፣ የደንገል ታንኳዎቹን እያየን የምንቀመጥባት ዋርካ ሥር ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ለፋሲካ ልጆቹን ይዘህ ና። እናቴ ስምህን ሳታነሣ አትውልም።

ያንተው ወንድምህ
ከባሕር ዳር