ምጥ በመድሃኒት ሲጀመር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቀድማችሁ ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ወር ታናሽ እህቴን ላስወልድ ሄጄ ደሴ ሁለት ሌሊት አድሬ ነው የተመለስኩት፣ እዛ ያየሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ ስላልወጣ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇ ነው። 41 ሳምንት አልፏት ምጥ የሚባል ነገር ዝር አላለም፣ ሀኪሙም ተኝታ ምጡ በመድሃኒት ይጀመርላት አለ። ቤታችን ይሄ ሲሰማ ሁሉም የገባው አንድ ነገር ነው፣ መርፌ ትወጋለች ማታውኑ ትወልዳለች። እናታችን የገንፎውን ዱቄት አዘጋጅታ ቅቤዋን አንጥራ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ እኛ ደግሞ አንድ ጋቢና አንድ ፔርሙዝ ይዘን ሐረጎን ሽቅብ ወጣን፣ የደሴን ሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋን ኪኒን በማህፀን በኩል አደረጉላት። ልጁ የተወለደው ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ነው። 38 ሰዓት ማለት ነው።

አልሐምዱሊላህ እሷም ልጁም ደህና ናቸው። እኔን የከነከነኝ ግን በነዛ 38 ሰዓቶች ውስጥ እኛ የሆንነው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ ስልኩ አያቋርጥም፣ እስካሁን አልወለደችም እንዴ፣ የደበቃችሁን ነገር አለ፣ እውነቱን ንገሩን እያሉ። አማቷ ሌሊቱን ሙሉ ዱዓ ሲያደርጉ አድረው ሲነጋ ሚድዋይፏን "ልጄን አፍናችሁ ልትገድሉብኝ ነው ወይ፣ ወይ በኦፕራሲዮን አውጡላት ወይ ልቀቁልኝ" አሏት። ባሏም ሌላ ቦታ ልውሰዳት ብሎ መኪና ፍለጋ ወጣ። እህቴ ይሄን ሁሉ ትሰማለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሆንኩት ሰውነቴ እምቢ አለ ትለኛለች። በዛን ሰዓት እኮ የማህፀኗ በር የተከፈተው 2 ሴንቲ ነበር፣ የልጁም የልብ ምት ጥሩ ነበር፣ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም!

ከሰዓት ተረኛ ሆና የገባች ሚድዋይፍ ናት ወንበር ስባ ቁጭ ብላ ያስረዳችን፣ አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀባትም። እኔም ከዛ በኋላ የማውቃቸውን የጤና ባለሙያዎች እየጠየቅኩ ያጣራሁትን ጨምሬ ልጻፈው፣ ለሌላው ይጠቅማል።

ስራው ሁለት ነው። ምጥ ሳይመጣ መድሃኒት ሲጀመር የማህፀን በር ብዙ ጊዜ ገና ጠንካራና ዝግ ነው፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ማለስለስ ነው፣ ወይ ሚሶፕሮስቶል በሚባለው ኪኒን (በማህፀን ከሆነ በየ6 ሰዓቱ ነው የሚደገመው) ወይ ትንሽዬ ፊኛ ባላት ቱቦ። ይሄ ብቻውን አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ሴትየዋ ቁርጠት ቁርጠት ይላታል፣ በሩ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ቤተሰብ የሚያብደውም እዚህ ጋ ነው። በሩ ሲለሰልስ ነው ኦክሲቶሲን የሚባለው ምጡን የሚያጠነክር መድሃኒት በግሉኮስ የሚቀጥለው፣ እሱንም ከትንሽ ጀምረው ቀስ እያሉ ነው የሚጨምሩት፣ የሽርት ውሃውንም ያፈሱታል። የእህቴ ግሉኮስ የተጀመረው ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ማለትም ልክ በ24 ሰዓቱ። 5 ሴንቲ የሞላችው ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ከዛ በ7 ሰዓት ወለደች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ የጠነከረውን ምጥ ከ5 ሴንቲ ነው የሚቆጥረው፣ ከዛ በፊት ላለው ጊዜ ይሄን ያህል ነው ብሎ የቆረጠው ሰዓት የለም። ከ5 ሴንቲ በኋላ በሩ ሙሉ እስኪከፈት የመጀመሪያ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አያልፍም፣ የወለደች ደግሞ ከ10። ጎረቤቴ ሶስተኛዋን በመድሃኒት ስትወልድ ጠዋት ተጀምሮላት ማታ አቅፋ ተኝታለች፣ እኛም እሷን አይተን ነው የተሳሳትነው። መድሃኒቱ እምቢ አለ የሚባለውም ዝም ብሎ አይደለም፣ እናትና ልጅ ደህና እስከሆኑ ድረስ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ በኦክሲቶሲን ቢያንስ 12 እስከ 18 ሰዓት ይጠበቃል። የልጁ ልብ ምት ከወረደ ወይ ደም ከበዛ ግን ያ ሌላ ነው፣ ያኔ ሰዓት አይቆጠርም፣ ወዲያው እርምጃ ይወሰዳል፣ ኦፕራሲዮንም ሊሆን ይችላል፣ ለዛም ነው ቶሎ ቶሎ የልብ ምቱን የሚያዳምጡት።

አደራ የምለው ነገርም አለ። ቀኔ አለፈ ብላ ከፋርማሲ ይሄን ሚሶፕሮስቶል ገዝታ ቤቷ የምትጀምር አለች ሲሉ ሰምቼ ደንግጫለሁ። አንዱ ፍሬ ብዙ ጊዜ 200 ማይክሮግራም ነው፣ ለምጥ የሚሰጠው 25 ነው፣ ስምንት እጥፍ ማለት እኮ ነው! ማህፀን ሊቀደድ ይችላል፣ በፊት በኦፕራሲዮን ለወለደች ደግሞ ይሄ መድሃኒት ከነጭራሹ አይሰጥም። እባካችሁ እህቶቼ ይሄን አታድርጉ።

ሀኪሞቻችንንና ሚድዋይፎቻችንን የምለምነው ደግሞ ይሄን ነው። ስራ እንደሚበዛባችሁ አይቻለሁ፣ አንዷ ስንት አልጋ እንደምትሮጥ አይቻለሁ። ግን ክትትል ላይ እያለች፣ ካልሆነም አልጋ ስትይዝ፣ ለሷና ለአንድ ቤተሰብ "ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ እዚህ ደረጃ ላይ ነን፣ ቀጥሎ ይሄን እናደርጋለን" በሏቸው። ጋዜጣችሁም የጤና ገጹ ላይ በባለሙያ ቢያስጽፍበት ደስ ይለኛል።

የአክስቴ ልጅ ግፊት አለባት ተብላ በሚመጣው ሳምንት ለዚሁ ተቀጥራለች። ሁለት ጋቢ፣ የሁለት ቀን ስንቅና የስልክ ቻርጀር አዘጋጅተናል፣ ለቤተሰቡም እኛ ካልደወልን እንዳትደውሉ ብያቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣ ከኮምቦልቻ